የኢንጂነር ባልዳን ስም ተሸክማ ስለምትንሳፈፈው ዓሣ ነባሪ

ለክቡር ኢንጂነር ዊልፍሪዶ ባልዳ
የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በወደባችን ባደረጉት ንግግር ላይ ፀሐዩ እንደዚያ እየከረረ አንዲትም ቃል ሳያሳጥሩ በመቆምዎ ለጉሮሮዎ ሰግተን ነበርና፣ የዓሣ አጥማጆች ጠባቂ ቅዱስ ጴጥሮስ ይጠብቅልን። እኔ ዙሌማ ቾኤዝ እባላለሁ። በላ ቦካና ወደብ ዓሣ እሸጣለሁ፤ መረቡ ዓሣ ነባሪዋን የጠለፈበት የሴኖን ኪሚስ የእህት ልጅ ነኝ።

አንደኛ፣ ወደባችን ላይ ስላስለጠፉት ማስታወቂያ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። «የተጠለፈ ዓሣ ነባሪ ያየ ሰው እንዳይጠጋ፣ እንዳይነካ፣ ለጽሕፈት ቤቱ ያሳውቅ» ይላል። አጎቴ እናት ዓሣ ነባሪዋን ጅራቷ በመረብ ተተብትቦ፣ ግልገሏ ከጎኗ ሆኖ ባያት ጊዜ ቢላዋ በእጁ ነበር። የጀልባ ባልደረባው ኔስቶር «ሴኖን፣ በጥሰውና እንሂድ እንጂ ምን ታፈጣለህ!» ቢለው፣ አጎቴ «ተው አንተ፣ ሕግ አለ። ለሚያውቁት እንተውላቸው» ብሎ ደወለልዎ። ይህን የመሰለ ታዛዥ ዜጋ ስላፈሩ ደስ ይበልዎ፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎታል።

ሁለተኛ፣ የነፍስ አድን ቡድንዎ ስለ መምጣቱ ምስጋናችን ወሰን የለውም፤ ቡድኑ የቴሌቪዥን ሰዎች እስኪደርሱ ቆሞ ሲጠብቅ ዓሣ ነባሪዋም በትዕግሥት ጠብቃዋለች። ጠልቃ እንዳታመልጥ ትልልቅ ተንሳፋፊዎችን በገመዱ ላይ ማሰር፣ ስትደክም ተጠግቶ መረቡን መቁረጥ ትክክለኛ አሠራር መሆኑን ባለሙያዎ አስረድተውናል፤ አምነናል። በየተንሳፋፊው ላይ «ኢንጂነር ባልዳ ለሕዝቡ» የሚል ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል መስፈሩ ከአሠራሩ የትኛው ክፍል እንደሆነ ግን አልገለጹልንም። ተንሳፋፊዎቹ ታሰሩ፣ ፎቶው ተነሣ፣ ምሳም ደረሰ። «መቁረጡን ከሰዓት በኋላ እንጨርሰዋለን» ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ በሎሚ የራሰውን ጥሬ ዓሣ፣ ሰቪቼውን፣ ደግሜ የጨመርኩልዎ እኔ ስለሆንኩ በደንብ ሰምቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ፤ ቡድንዎም ለማታው ዜና እንዳይዘገይ ከጋዜጠኞቹ ጋር ወደ ከተማ ተመለሰ። በዜናው ዓሣ ነባሪዋ መዳኗን ሰማን። እንኳን ደስ አለዎ! ከዳነች ወዲህ ግን መረቡም አለ፣ ተንሳፋፊዎችዎም አሉ፣ እሷም መጥለቅ አልቻለችም።

ሦስተኛ፣ ደግመን ብንደውል ጸሐፊዎ «እንዴ፣ እሷማ ድናለች እኮ! ቴሌቪዥን አታዩም?» አሉን። አንዴ የዳነን ሁለተኛ ማዳን እንደማይቻል ስላስተማሩን እናመሰግናለን። የመጀመሪያ ጥሪያችን ጊዜ ነዳጅ አጥታ የነበረችው የጥበቃ ጀልባዎም ዛሬ ነዳጇ ሞልቶ ባሕረ ሰላጤውን ስትዞር ትውላለች፤ ከመቶ ሜትር በታች ቀርቦ ሊረዳት የሞከረ ካለ ጀልባው ይወረሳል አሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ሲፈልጉ ለካ ነዳጅም አይጠፋም።

አራተኛም ነበረኝ። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት አጎቴ መረብ ሳይጥል ተመልሶ «ግልገሉ በግንባሩ ከሥር እየገፋ ሊያነሳት ይታገላል፤ ትንፋሿ እያጠረ ነው» ብሎ ጀልባው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ሽማግሌ ሰው ሲያለቅስ ማየት ደስ አይልም። ስለዚህ ጨዋነቴ እዚህ ላይ አልቋል፤ ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ። ነገ ጎህ ሲቀድ በላ ቦካና ያለች ጀልባ ሁሉ ትወጣለች። አንዷን ይወርሱ ይሆናል፤ ሁሉንም የሚያቆሙበት ቦታ ግን ያለዎት አይመስለኝም።

ለንግግርዎ ርዝመት፣ ለፎቶዎ ጥራትና ለምግብ ፍላጎትዎ ካለኝ ከፍ ያለ አክብሮት ጋር፣ እጄ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ የምሰናበትዎ፣

ዙሌማ ቾኤዝ

ማሳሰቢያ፦ ከተሳካልን፣ ያዳኗት እርስዎ እንደሆኑ በቴሌቪዥን እንደገና ያስነግሩ፤ እኛ አንከራከርም፣ የምንፈልገው እሷን ነው። ዘግይተን ብትሞት ግን ተንሳፋፊዎቹን አንፈታላትም። ባሕሩ የትኛውም ዳርቻ ላይ ቢያወጣት፣ ያገኛት ሰው ስምዎን ያንብብ።