ምንጯ ፈለቀች

ልጄ ሀዋኒ፣ የዲንሾን ውርጭ ያሳለፈሽ አምላክ የዚያንም አገር በረዶ ያሳልፍሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ ያመኛል። አንቺ ካልሲ ደርበሽ ተኚ።

የቴአትር ክበባችን ዘንድሮ አልተቻለም። መስከረም ላይ ኮሜዲ፣ ለገና የሄሮድስን ታሪክ፣ ከፋሲካ በኋላ በኦሮምኛ የሠርግ ጨዋታ አሳየ። ልብሱን የምሰፋው እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ሮቤ ስለ ጉድጓድ ቆፋሪ የተጻፈ ድራማ ነበር፤ ቆፋሪውን ለሚጫወተው ለሙለታ የአባትሽን ካፖርት አለበስኩት። ሙት ዓመቱ ካለፈ ሣጥን ውስጥ ምን ይሠራል ብዬ ነው።

ሙለታ ከመጋረጃው ጀርባ «ፈለቀች» ብሎ ሲጣራ፣ አባትሽ የጠራኝ መስሎኝ «አቤት ጃለታ» ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለካ የፈለቀችው ምንጯ ናት።

ልጆቹ አዘኑልኝና ጎባ ሲያሳዩ ቃሉን «ውሃው ወጣ» ብለው ለወጡት። ሰኞ እኔም ጎባ ሄጄ ፊት ተቀመጥኩ። ሰዉ ሁሉ «ውሃው ወጣ» ሲል ሰማነው ይላል። እኔ የሰማሁት ግን «ፈለቀች» ነው፤ በአባትሽ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ጠዋት ጠዋት ሲቀሰቅሰኝ እንደነበረው። እንዳይሳቅብኝ ብዬ አልመለስኩለትም። ከዚያ ወዲህ ዝም ማለቴ እንቅልፍ ነሳኝ።

እዚህ ሁሉም «እትዬ» ነው የሚለኝ፤ በስሜ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር። ነውር ቢሆንም ስትደውዪ አንድ ጊዜ «ፈለቀች» በዪኝ። በሕይወት ላለ ሰው አቤት ልበል።

በሰው አገር ስምሽን በፍቅር የሚጠራ አያሳጣሽ።

እናትሽ ፈለቀች