ያልተቀባው ቦታ

ኅዳር 9 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ለልጄ አባት፤

እንደምን ሰነበትክ? ሥራውስ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኔማ እልል በልልኝ! ስዕሌ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ፣ በመንፈሳዊ ስዕሎች ትርኢት ላይ ተሰቀለ። ያውም ሳይነካ፣ እኔ እንዳልኩት!

ስለ ስዕሉ ነግሬህ አላውቅም። አንዲት እናት ጎንበስ ብላ ልጇን በሳፋ ስታጥብ ነው። ክንዶቿ፣ ውሃው፣ ግድግዳው ላይ ያረፈው የጠዋት ፀሐይ፣ ሁሉም ተቀብቷል። ልጅቷን ግን አልቀባኋትም፤ ቦታዋ ነጭ ሸራ ነው። ብሩሹን ባነሳሁ ቁጥር እጄ እምቢ አለኝ። በኋላ ሳየው፣ ለካ ጸሎት ማለት ይኸው ነው፤ የምታቅፈው ባይታይህም ማቀፍ።

የስዕል መምህራችን ግን «አላለቀም» አለ። «መንፈሳዊ ስዕል ምልክት ይፈልጋል። እርግብ አድርጊበት፣ ወይ ሻማ።»

«እርግብማ ጣራዬ ላይ ሞልቷል፤ መጥተህ እይ» አልኩት። ታውቀኝ የለ!

«እሺ፣ ለዛሬ ይሰቀል። ሰው ካልገባው ግን ማታ አወርደዋለሁ» አለ። ጥግ ይዤ ቆምኩ።

ሰዉ ገልመጥ እያደረገው ያልፋል። አንዱማ «ቀለም አልቆባት ነው?» አለ። ኋላ አንዲት ትልቅ ሴት መጡና ስዕሉ ፊት ጫማቸውን አወለቁ። አዲስ ጫማ ተረከዛቸውን ልጧቸው ነው፤ «ኤዲያ፣ ገደለኝ!» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከኋላ ያሉት ግን ምን ያውቃሉ? ቦታው የተከበረ መስሏቸው አንዱ አወለቀ፣ ሌላው ተከተለ፣ አዳራሹ ጭጭ አለ። እኔ ሳቄን አፍኜ ሳለሁ ሴትየዋ ቀና ብለው ስዕሉን አዩት። አይተው አይተው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«የኔም ልጅ ቦታ እንደዚሁ ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። እጃቸውን ያዝኩ።

መምህሩም ጫማውን አውልቆ መጣ፤ አውራ ጣቱ በካልሲው ቀዳዳ ብቅ ብሎ! ነጩን ቦታ አየ፣ የሴትየዋንም እንባ አየ። «ማንም እንዳይነካው። እዚሁ አዳራሽ ይቀራል» አለ። አንተዬ፣ መሬቱ አልበቃኝም!

ከዚያ «ከሥሩ ምን ተብሎ ይጻፍ?» ሲል ጠየቀኝ። ከቀበርናት ወዲህ እኔና አንተ በስልክ እንኳ የማንጠራውን ስሟን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልኝ፣ መንገድህን ያቅናልህ። ስሟ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ግድግዳው ላይ ነው። ና፣ አጠገቤ ቆመህ አንብበው፤ ጮክ ብለህ።

እልኸኛዋ ሚስትህ