በእናቴ ኮሌታ ላይ ስለተገኘችው መርፌ

ለክቡር ራስን የመቻል ኮሚሽን ኮሚሽነር፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ከትግሉ ዘመን ጀምሮ ያልለቀቀዎን ያን ክፉ ቁርጥማት ይማርልን። እኛ በእርስዎ ጥበቃ ሥር ደኅና ነን፤ ከደኅንነት በቀር የቀረልንም ነገር የለም።

ጤናዎን ከጠየቅሁ ዘንድ አንድ ሌላ ጥያቄ ላስከትል። የድንበሩ ድልድይ አጠገብ ቆሞ ማዶውን አገር ያየ ሰው ሁሉ በሆዱ የጠየቀው ነው፦ በአንድ ጫካ ተዋግተው፣ በአንድ ሰሞን ነፃ ከወጡ ሁለት አገሮች አንዱ በሩን ወለል አድርጎ ሲከፍት፣ ሌላው ስለምን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ? የትኛውስ ተሻለው? እኔ ይህንኑ በመመረቂያ ጽሑፌ ላነጻጽር የደፈርሁ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ነኝ። ድልድዩን ተሻግሮ ማየት ስላልተፈቀደልኝ ማዶውን ያነጻጸርሁት ከዩኒቨርሲቲው ጣሪያ ላይ ሆኜ ነው። ከፍተኛ ማዕረግ ሰጡኝ። ለዚህም አመሰግናለሁ።

አሁን ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ፦ ስለ ሥራዬ። በብሔራዊ የመርፌ ፋብሪካ ፕሮጀክት የገበያ ጥናት ባለሙያ አድርገው ስለመደቡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በመጀመሪያው ቀን ከዘበኛው ቀድሜ በሩ ላይ ተገኘሁ፤ አገር ልሠራ ነበርና እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፋብሪካችን የመሠረት ድንጋይ፣ ማኅተም፣ ዘበኛ፣ የግድግዳ ሰዓትና ሥራ አስኪያጅ አለው፤ የጎደለው መርፌ ብቻ ነው። የመሠረት ድንጋዩ በተጣለ ማግስት የአገር ውስጥ ምርትን ለመጠበቅ ሲባል ከውጭ መርፌ ማስገባት ታገደ፤ ያልተረገዘው ልጅ እንዳይመታ የጎረቤት ልጆችን ሁሉ እንደማሰር መሆኑ ነው። ማምረት የምንጀምረው መቼ ነው ብዬ በወጣት ችኩልነት ሥራ አስኪያጁን ብጠይቃቸው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አንተ ልጅ፣ መርፌ ከሠራንማ ፕሮጀክቱ አለቀ ማለት አይደል?» አሉኝ። ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ እዚያች ኮሪደር ላይ ብዙ ተማርሁ።

፪ኛ፦ ስለ ስፌት ቤቱ። እናቴ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ስፌት ቤት ልብስ ሰፊ ናት። ቤቱ ረዥም አዳራሽ ነው፤ የስፌት መኪኖቹ ከመስኮቱ ሥር በመስመር ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ ግን አይንቀሳቀሱም። ሹል መርፌ የደረሳት ሴት ኮሌታና እጅጌ ስትሰፋ የቀሩት እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፤ ስትጨርስ መርፌዋን ከመኪናዋ ፈትታ ለጎረቤቷ ታቀብላለች፤ ጎረቤቷም ለጎረቤቷ። በጉርብትናው ማንም አይወዳደራቸውም። የደነዘውን በድንጋይ ይሞርዱታል፤ የተሞረደ መርፌ ደግሞ ጨርቁን እየዘለለ ጣት ይመርጣል። የእናቴን የቀኝ እጅ አመልካች ጣት ከጥፍሯ ሥር የበሳው እንዲህ ያለው ራሱን የቻለ መርፌ ነው።

ስፌት ቤቱን ሲጎበኙ ሴቶቹን ሰብስበው የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለው መምከርዎን እናቴ ነግራኛለች። ምክሩ ድንቅ ነው። እነሱ የለመኑዎት ግን ወርቅ አልነበረም፤ ብረት ነው፤ ያውም ጫፉን ብቻ።

፫ኛ፦ ስለ ማዶው። አድልዎ እንዳይሆንብኝ የጎረቤቶቻችንንም ጉድ ልንገርዎ። ታላቅ እህቴ ድልድዩ ሳይዘጋ ማዶ ተድራ፣ የውጭ ባለሀብት ባቆመው ትልቅ የልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። በቅርቡ ስትወልድ እናቴ የልጅ ልጇን እንድታይ እንድትሻገር ስለፈቀዱላት ዕድሜ ይስጥዎ። እዚያ መርፌ በየመንገዱ ዳር ከማስቲካ ጋር ይሸጣል። ነገር ግን በእህቴ ፋብሪካ አንድ መርፌ በተሰበረ ቁጥር ለውጭ ደንበኛ በሚላክ ልብስ ውስጥ ሽራፊ እንዳይገኝ ተብሎ መስመሩ በሙሉ ይቆማል፤ በሩ ከውጭ ይቆለፋል፤ ሴቶቹ ወለሉ ላይ እየዳሁ ስብርባሪውን ይለቅማሉ፤ የመጨረሻው ሽራፊ እስኪገኝ ሽንት ቤት መሄድ የለም። እህቴ ቦታዋን ሌላ እንዳይዝባት ብላ የአራስ ወገቧ ሳይጠና ወደ መኪናዋ ተመልሳለች። ለእናቴም እንዲህ ብላታለች፦ «እዚህ መርፌ ሲሰበር ተንበርክከን እንፈልገዋለን፤ ሰው ሲሰበር ግን በሩ ላይ ሌላ ተሰልፏል።»

እንግዲህ ማዶው ገነት ነው እያልሁ አይምሰልዎ። እዚያ ዕቃ እንዳሻው ሲገባ ሰው ይቆለፍበታል፤ እዚህ ዕቃውም ሰውም ተቆልፏል። ይህን ከጣሪያ ላይ ሆኜ አላየሁትም ነበር። ከእጅ አይሻል ዶማ ይባላል፤ ለእኛ ግን ዶማውም የለ፣ እጁም ቆሰለ።

፬ኛ፦ ስለ ፍተሻው። እናቴ ከማዶ ስትመለስ ለሥራ ጓደኞቿ አንድ እሽግ የመኪና መርፌ ገዛች። ለግል ፍጆታ የተፈቀደውን ሳሙና ለሁለት ሰንጥቃ፣ መርፌዎቹን ከታ፣ በውኃ አለስልሳ መልሳ አጣበቀችው። ሥራዋ እንከን አልነበረውም። ችግሩ፣ ስትገዛ ሹልነቷን በአውራ ጣቷ የሞከረቻትን አንዷን መርፌ ዕድሜዋን ሙሉ እንዳደረገችው ሳታስበው ኮሌታዋ ላይ መሰካቷ ነው። ልብስ ሰፊ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ኮሌታው መሳቢያው ነው። ድልድዩ ላይ ፀሐይ ነበርና መርፌዋ አብለጨለጨች።

ፈታሹ ወጣት ኮሌታዋን አይቶ ሻንጣዋን ዘረገፈ፤ ሳሙናውንም ሰበረው። እናቴም «የኔ ልጅ፣ ሱሪህ ጉልበቱ ላይ ተተርትሯል፤ አንዷን ተውልኝና ልጣፍልህ» አለችው። ወጣቱ በአንድ እጁ ጉልበቱን ሸፍኖ በሌላው ክሱን ጻፈ። ክሱ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው።

፭ኛ፦ ስለ ጣቷ። አሁን እስር ቤት ናት። ማዶ ሳለች ቀላል የመሰላት ያ የተበሳው ጣት ጠቁሯል፤ እብጠቱም ወደ አንጓዋ እየወጣ ነው። የእስር ቤቱ ጤና ረዳት ደግ ሰው ናቸው፤ ቶሎ ካልታከመች እጇን እንደምታጣ፣ መድኃኒቱ ግን ማዶ እንጂ እኛ ጋ እንደሌለ በለሆሳስ ነግረውኛል። ቀጠሮዋ ከነፃነት ቀን በዓል በኋላ ነው። በትግሉ ዘመን በምድር ቤት ተደብቃ የተዋጊዎቹን ልብስ የጠገነችው በዚሁ እጅ ነው፤ ልብሱ የወዲህ ማዶ ይሁን የወዲያ ማዶ አልጠየቀችም፤ እሷንም መርፌው ከየት መጣ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናቴ ለፍርዱ ትቅረብ፣ ነገር ግን እጇን ይዛ ትቅረብ። በዋስ ይልቀቁልኝና ድልድዩን ተሻግራ ትታከም። እኔ በምትኳ እታሰራለሁ፤ ለገበያ ጥናቱ አይስጉ፣ ገበያው የትም አይሄድም። መልስዎን ይህ ደብዳቤ በወጣበት ጋዜጣ ቢሰጡኝ ክብሬ ነው። ይህን የምታነቡ ሁሉ ደግሞ፣ የለበሳችሁትን ልብስ ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩ፤ በየትኛው አገር መርፌ እንደተሰፋ የምታውቁ ከሆነ ለክቡርነታቸው ጻፉላቸው። እናቴ ለብቻዋ ወንጀለኛ መሆኗ ይከብዳታል።

ለሚሸሽጉን ግንቦች፣ ለሚጠብቁን ቁልፎችና ለማያልቀው ፕሮጀክታችን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

አሁንም ከዘበኛው ቀድሞ ሥራ የሚገባው፣
የእስረኛዋ ልብስ ሰፊ ልጅ።

ማሳሰቢያ፦ በነፃነት ቀን ሰልፍ የሚለብሱት አዲሱ ጥቁር ሙሉ ልብስ የተሰፋው በእናቴ መኪና ላይ ነው። የክቡርነትዎ ኮሌታ እንዳይጨማደድ ሲባል ስፌት ቤቱ ሸሽጎ ያቆያት አንዲት ሹል መርፌ ወጥታለች፤ እሷም የማዶ ናት። በኮንትሮባንድ የተሠራ ዕቃ እንደሚወረስ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉና፣ ከሰልፉ በፊት አውልቀው ለእናቴ መዝገብ በኤግዚቢትነት እንዲያስረክቡ በትሕትና አሳስባለሁ። ሌላ ማሰፋት ካሻዎ ሰፊዋ የት እንዳለች ያውቃሉ፤ እጇ ሳይቆረጥ ይድረሱላት።