የጭቃ ሹም መንግሥቴ ወልደ ሥላሴ የሕይወት ታሪክና የደረቁ ድልድይ ነገር

ጭቃ ሹም መንግሥቴ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሥላሴ አንለይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታይቱ ያየህ በግንቦት ወር 1899 ዓ.ም. በፎገራ፣ በቁሐር ሚካኤል ተወለዱ። በተወለዱ በሦስተኛው ወር ውሃው እስከ ደጅ ስለ መጣ እናታቸው አዝለዋቸው በታንኳ ወደ ጉብታው ተሻገሩ። ከውሃ የተረፈ ልጅ ተብለው አደጉ።

ለትምህርት ሲደርሱ በደብሩ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። እኔን ልጃቸውን ንግሥቲንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። መልእክተ ዮሐንስ ላይ ስደርስ «ለሴት ይኸ ይበቃል» ብለው አስተዉኝ። በዚያችው በበቃችኝ ነው ይህን የጻፍኩ። መሪጌታ አንብቡልኝ ብላቸው እሺ ስላላሉ የማነበውም እኔው ነኝ።

በ1917 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጸሐይነሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ስድስት ልጆች ወለዱ። አራቱን አፈር በላቸው፤ ወንድሜ ደረሰና እኔ ቀረን። አባታችን ከብት አዋቂ ነበሩ። ጥጃ ገና ሲቆም አይተው «ይኸ በሬ ይሆናል፣ ይኸ ሥጋ ነው» ይሉ ነበር፤ ተሳስተው አያውቁም። በጣልያን ጊዜ ለመንገድ ድንጋይ ተሸክመዋል፤ ትከሻቸው ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው። በ1938 ዓ.ም. ጭቃ ሹም ሆኑ። የተጣላ አስታርቀዋል፣ ከብቱ ላለቀበት ላም ሰጥተዋል። ይህን ያደረጉላቸው ሰዎች ዛሬ እዚህ ቆመዋል፤ አልክድም። ግን ቃላቸውን የሚመልስ ሰው አይወዱም ነበር።

በጥቅምት 1952 ዓ.ም. ከወረታ ተነሥቶ ሜዳችንን አቋርጦ ወደ ደብረ ታቦር ተራራ የሚወጣውን መንገድ የሚለኩ ሰዎች መጡ። በመነጽር እያዩ ቁጥር የተጻፈበት ችካል ተከሉ። ድልድይ በሚሠራበት ቦታ ያቆሙት ችካል ቀይ ቀለም የተቀባ ነበር። ያም ቦታ ክረምት ውሃው የሚያልፍበት ረባዳ ነው። በበጋ አገሩን ለማያውቅ ሰው ከሌላው ሜዳ አይለይም። ለኪዎቹ ችካሉን ለጭቃ ሹሙ አደራ ብለው ሄዱ።

ችካሉ ያለፈው በአባቴ የሽምብራ ማሳ መካከል ነበር። ኅዳር 12 ቀን ሰው ሁሉ ለሚካኤል ንግሥ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ አባቴ «ንግሥቲ፣ አህያዋን አምጭ» አሉኝ። ያኔ ከባሌ ተፋትቼ እሳቸው ቤት ነበርኩ። አሥራ ስምንት ችካል ነቅለን ጫንን፤ ቀዩም አብሮ ነው። ሁለት መቶ እርምጃ ወዲያ፣ በጎረቤታችን በአለኸኝ ማሳ ላይ ተከልነው። እርምጃውን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። «ይኸ ነገር አያጣላም?» ብላቸው፣ «መንገድ በዚያም ቢሄድ በዚህ ተራራው ላይ ይደርሳል» አሉ። በሜዳው ላይ ከበሮው ይሰማን ነበር።

አለኸኝ አንድ ጥንድ በሬና ያቺኑ ማሳ ብቻ የነበረው ሰው ነው። ሚስቱ ገላነሽ ነፍሰ ጡር ነበረች። በአገራችን፣ ሰው በርስትህ ላይ ችካል ተክሎ ዝም ካልክ ነገ ዳኛ ፊት «አይቶ ዝም ብሏል» ተብለህ ትረታለህ። አለኸኝም የመንገዱን ችካል እንደ ርስት ችካል ቆጠረው። ቀዩን ነቅሎ በትከሻው ተሸክሞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ከደጃችን ጣለው።

«ጌታው፣ ይኸ ችካል ያን ሰሞን በእርስዎ ማሳ ነበር። እግር አውጥቶ ነው ወደ እኔ የመጣ?» አለ።

ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። «የመንግሥት ችካል ነቅለሃል» ብለው አስያዙት። ችካሉንም መልሰው እዚያው አለኸኝ ማሳ ላይ አስተከሉ።

ለዳኛ ቀረበ። «የችካሉን ቦታ የቀየሩት ራሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው ንግሥቲ ትጠየቅልኝ» አለ። ተጠየቅኩ። አላየሁም አልኩ። በሚካኤል ስም ማይ ተባልኩ፤ ማልኩ። አለኸኝን በወረታ ገበያ አርባ ገረፉት፤ እኔም እንዳይ ተብዬ ቆሜ አይቻለሁ። ሲያነሡት ወደ እኔ ዞሮ «ይኸንንስ አየሽው?» አለኝ። ሁለት ዓመት ተፈርዶበት ደብረ ታቦር እስር ቤት ገባ።

በዚያው በጋ አፈሩ ተቆልሎ የመንገዱ መደብ ተሠራ። ድልድዩም ቀዩ ችካል ባለበት ቆመ፤ ከሥሩ ጠብታ ውሃ በማያልፍበት በደረቅ ሜዳ። እረኞች «የጭቃ ሹሙ ድልድይ፣ የፍየል ጥላ» እያሉ ይዘፍኑበት ነበር። ውሃው በሚያልፍበት በረባዳው ላይ ግን መውጫ የሌለው የአፈር ክምር ተዘረጋ። የሚያውቁ ሽማግሌዎች ለአባቴ ነገሯቸው። «እናንተ ከመሐንዲስ ትበልጣላችሁ?» አሏቸው።

በነሐሴ 1952 ዓ.ም. ከተራራው የወረደው ጎርፍ መጥቶ ክምሩ ላይ ቆመ። መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመለሰ። የአለኸኝ ቤት በክምሩ ሥር ነበር። ገላነሽን በሦስተኛው ቀን ውሃው ሲጎድል አገኘናት። አራስ ልጇን በነጠላ ከደረቷ አስራ ነበር። ልጅቷ ገና ሰማንያ ቀኗ ስላልደረሰ ክርስትና አልተነሣችም። አባቴ «ያልተጠመቀ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አይገባም» አሉ። ካህናቱም ተስማሙ። እናቲቱን ከቅጥሩ ውስጥ፣ ልጅቱን ከቅጥሩ ውጭ ቀበርን። ነጠላውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ቋጠሮው በውሃ ጠብቆ እምቢ ስላለኝ በጥርሴ ነው የፈታሁት።

ለአለኸኝ ማንም አልነገረውም። በ1954 ዓ.ም. ተፈትቶ ሲመጣ ጎጆው በነበረበት ቆሞ «ገላነሽ ወዴት ገባች?» ብሎ የጠየቀ አላፊ አግዳሚውን ነው። ከዚያ ወዲያ የሚካኤል ማኅበር ጽዋ እሱ ዘንድ ሲደርስ ያልፈው ጀመር። ልጆች «ችካል ነቃይ» እያሉ ተከተሉት። ክርስቲያኑ ሁሉ ፊቱን ሲያዞርበት ያስጠጋው የወረታው ነጋዴ መሐመድዘይን ነው፤ ዛሬም እሱ መጋዘን ጭነት እየተሸከመ ያድራል።

መንገዱ በ1955 ዓ.ም. ተመረቀ። አባታችን ካባ ተደረበላቸው፤ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። መንገዱን ክፉ ነው አልልም። የደጋው ሰው ገብሱን ይዞ ይወርዳል፣ ምጥ የጠናባትም ሴት በካሚዮን ተጭና ሐኪም ዘንድ ትደርሳለች። ክምሩንም ኋላ ቆርጠው ለውሃው ቱቦ አስገብተውለታል። ደረቁ ድልድይ ግን እስከ ዛሬ አለ። የአባታችን አስከሬን ሲመጣ በላዩ ነው ያለፈ፤ ሁላችሁም አይታችኋል።

ባለፈው ሰኔ የአባታችን ሆድ ውሃ ቋጠረ። በዚያው መንገድ ደብረ ታቦር ወስደናቸው ሐኪም ሦስት ጊዜ ቀዳላቸው፤ ሦስቴም መልሶ ሞላ። ሲጠናባቸው እጄን ይዘው «የአለኸኝን ነገር ከቀበራችሁኝ በኋላ ንገሪ። ቀድመሽ ከተናገርሽ የሚሸከመኝ አይገኝም» አሉኝ። እሺ አላልኳቸውም። ከተቀበሩ በኋላማ ሰው ንፍሮውን ዘግኖ ይበተናል፤ ማን ይሰማኛል? ወንድሜ «የአባትሽን ሬሳ ልታዋርጅ ነው?» ብሎኛል። አያ ደረሰ፣ ሬሳ አይዋረድም። በቁሙ የተዋረደው አለኸኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት መሐመድዘይን መጋዘን ሄጄ ከአለኸኝ እግር ወደቅሁ። አላነሣኝም።

«ያኔ ያላየ ዓይንሽ ዛሬ በራልሽ?» አለኝ።

«በቀብሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እናገራለሁ። አንተም ይፍታህ በላቸው» አልኩት።

«መቃብሩን እቆፍራለሁ። እኔ ስቆፍር ነው ማለቁን የማምን። ይፍታህ ግን ከእኔ አፍ አይወጣም» አለ። ደግሞም፣ «እስር ቤት ሳለሁ ሴት ልጅ ወለደችልህ ብለው ለገበያ የመጡ ሰዎች ነገሩኝ። ስም አውጥቼ ላክሁላት። ሳይደርሳት ቀረ። እሱን አንብቢልኝ» አለኝ።

ጭቃ ሹም መንግሥቴ ወልደ ሥላሴ በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ትናንት ጥር 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጆቻቸውን ደረሰንና ንግሥቲን፣ ሰባት የልጅ ልጆችም ትተው ሄደዋል። መቃብሩን አለኸኝ ቆፍሮታል፤ አካፋውን ይዞ ያውላችሁ ቆሟል። ካህናቱ «ይፍታ» በሉ ሲሉ ያለ ይበል። ወደ እሱ ግን ማንም ዞሮ አይይ፣ ሽማግሌም አይላክበት። እኔም በሐሰት ምያለሁና የሚካኤል ማኅበር የሚፈርድብኝን ልቀበል እዚሁ ቆሜያለሁ። አለኸኝ የነቀለው አንድ ችካል ብቻ ነው፤ እሱንም ከገዛ ርስቱ ነው።

የአባታችንን ነፍስ እግዚአብሔር እንደ ቸርነቱ ይመልከታት፤ እንደ ሥራቸው ቢሆን እፈራለሁ። የገላነሽንም ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከግራሩ ሥር ያለችውም ስም አላት። አገኘሁሽ አለኸኝ ትባላለች።