የአባባ ሞርስ

ጥር 15፣ ከሰዓት
ዛሬም የኮዲንግ ሥልጠና። ማስታወሻዬ፣ አማርኛ ሳስተምር አርጅቼ ጀማሪ ሆንሁልሽ። የቤት ሥራ፦ በላቲን ፊደል የተጻፈ ቃል ወደ ሞርስ (የአጭርና የረጅም ምት የሬዲዮ ኮድ) የሚለውጥ ፕሮግራም። ምልክቶቹን አባባ አልጋ አጠገብ እሸመድዳለሁ፤ አጭር፣ ረጅም እያልሁ ጠረጴዛ እደበድባለሁ። አባባ የጦር ሠራዊት ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። ክረምት ላይ ስትሮክ አንደበታቸውን ከያዘው ወዲህ ቃል የለም።

ድንገት የእጄን አንጓ ያዙ። በጣታቸው አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም። ደገሙት። ሰሞኑን ዶ/ሩ የነርቭ መንቀጥቀጥ ያለው ይኸ ነው። ፈታሁት፦ ENAT። እናት።

ወደ እማዬ ሮጥሁ።

ጥር 16
ለእማዬ መንገር አልነበረብኝም። የአባባ እናት ከሞቱ ቆይተዋል፤ የሞተ የሚጠራ በሽተኛ መንገድ ጀምሯል ባይ ናት። ለአስተርዮ መርጡለ ማርያም ልትሄድ ስንቅ ቋጥራ ነበር። ቀረች። የነፍስ አባታቸው ተጠሩ፤ ጸለዩ፣ መስቀል አሳለሙ። አባባ እኔ ላይ አፈጠጡ። በሞት ደጅ ያለ ሰው እንዲህ ይቆጣል? አለቀስሁ። ከዚያ ምሳ በላሁ።

ጥር 18
ሥልጠናው ላይ ፕሮግራሙ ሠራ። ለሙከራ ሦስት ቃል ሰጠሁት፦ አባት፣ እናት፣ እኔም። (እኔም ቤተሰብ ነኝ።) ስንት የተለያየ ኮድ አለ? ሁለት ይላል። ሰደብሁት፤ ደግሜ አስኬድሁት። ሁለት። አሠልጣኟ ጎንበስ ብላ አየች።

«ቲቸር፣ ልክ ነው እኮ። በፊደላቱ መሃል ክፍተት ካልተዉ ENAT እና ENEM አንድ ኮድ ናቸው።»

የቅኔ አገር ተወልጄ ኅብረ ቃል ኮምፒውተር ይፍታልኝ? ቦርሳዬን ጥዬ በባጃጅ ወደ ቤት።

«አባባ፣ እናት ነው ያሉት ወይስ እኔም?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለደካማ ተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው፣ በየፊደሉ እየቆሙ በጣታቸው መቱልኝ። እኔም። ከዚያ ጣታቸውን ወደ እማዬ ስንቅ ቀሰሩ፦ እኔም መርጡለ ማርያም ልሂድ ነው። እማዬ ስንቅ መቋጠር ከጀመረች አንስቶ ሲለምኑን፣ እኛ ለሞት አዘጋጀናቸው።

እማዬ ክው አለች። «ታዲያ መሄድ ለፈለገ ሰው ቄስ ይጠራል?» አለችኝ። እኔን።

ጥር 19፣ ጠዋት
ሌላ ጉድ። ወንድሜ ለካ አባባ እያጣጣሩ ነው ብሎ ለእድሩ ተናግሮ ኖሯል፤ ድንኳኑ ደጃችን ተራግፏል። ወንድሜ፣ ሰውየው አልሞቱም ብሎ ድንኳኑን ለመመለስ አፍሮ ቆሟል። አባባ በመስኮት አዩት። ሳቁ። በድምፅ! እማዬ የያዘችውን ሰፌድ ለቀቀችው። ማናችንም አላነሳነውም።

ሚኒባስ ተነጋግሬያለሁ። ነገ ሦስታችንም እንሄዳለን። የፊት ወንበር የአባባ ነው።