«ድስታችን» ተብሎ ይነበብ

ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ከስፌት መኪናው ስትነሺ አሁንም ጉልበትሽን ተደግፈሽ ነው? ዓይንሽስ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባቱን ለልጅሽ አስረከብሽ ወይስ ዛሬም በግትርነትሽ ነሽ? የእማዬ ጉልበት ተሻለው? ባለቤትሽ ከመንገድ ተመልሶ ቤቱ ሞቅ ሞቅ ብሏል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። «በጣም ደህና» የሚለውን ቃል ከዚህ በፊትም ስጽፍልሽ ከርሜያለሁ፤ የዛሬው ግን ታርሞ የወጣ ነው። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ እያነበብሽ ትደርሺበታለሽ።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ዕለት ሥራ ቦታ ደረሰኝ። ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ከእህትህ ነው፣ በክር ተሰፍቷል አለኝ። ከአንቺ ሌላ ፖስታ በሙጫ ማሸግ የማይዋጥለት ሰው እንደሌለ እሱም አውቋል። ክሩን በጥርሴ በጥሼ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ ደገምኩት። የእኔን ደብዳቤዎች እንደ ሐኪም ትእዛዝ ይዘሽ አራት ወር ሙሉ ምድጃ ሳትነኪ ጥሬ አትክልትና ፍራፍሬ ብቻ ስትበዪ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል ሳትቀምሺ ስትጾሚ መክረምሽን እኔ ምኑንም አላውቅም ነበር። ደንበኛ ሲወጣልሽ ከጨርቆቹ ስር የደበቅሽውን ብስኩት ቆመሽ፣ በቅጡ ሳታላምጪ እንደምትጨርሺው፣ በማግስቱ ያንን ለመካስ እስኪመሽ እንደምትጾሚ፣ ባለፈው ወር ደግሞ ዓይንሽ ጭልም ብሎብሽ መርፌው ጣትሽን ከሰው ቀሚስ ጋር እንደሰፋው ጻፍሽልኝ። መጨረሻው ላይ፣ አንተ የቻልከው እኔን እንዴት አቃተኝ፣ ሆዳም ሆኜ ቀረሁ አልሽ።

እታለም፣ አንቺን አላቃተሽም። እኔም አልቻልኩም። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አጥብቀሽ ያዢልኝ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእነሱ ማብራሪያ ነው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ። ሰው የተሳሳተ ፊደል ማግኘት ከባድ ይመስለዋል፤ የተሳሳተ ፊደል እንኳ ብዙ ጊዜ ራሱ ዓይን ይወጋል። የሚያስቸግረው ግድፈት ነው። ረቂቁን የምትተይበው ጸሐፊ አንድ መስመር ዘልላ ስትሄድ የቀረው አምሮና ሰምሮ ይነበባል፣ ምንም የጎደለው አይመስልም። የእኔም ደብዳቤዎች እንደዚያው ነበሩ። የጻፍኩልሽ ሁሉ እውነት ነው፤ እየዘለልኩ ነው እንጂ የጻፍኩት። ጾም መግደፍና መስመር መግደፍ በአንድ ቃል መጠራታቸው እስከ ዛሬ ከንክኖኝ አያውቅም ነበር። አሁን ሳየው በሁለቱም ጥፋተኛ ነኝ፤ ጾሜን ገደፍኩ፣ መግደፌንም ከደብዳቤው ገደፍኩት።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ስለ ጥሬ ምግብ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ለእርማት ሲመጣ ነው። ሌላው ሰው መጽሐፍ አንዴ አንብቦ ይረሳል፤ እኔ ሦስት ጊዜ፣ እስከ ነጠላ ሰረዙ ነው የማነበው። በሦስተኛው ንባብ ደራሲው አሳመነኝ። ያኔ ደግሞ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር የሚገባ፣ የማተሚያ ቤቱን ደረጃ ሁለቴ ሳላርፍ የማልወጣ ሰው ነበርኩ። ድስቴን አጥቤ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት፤ ሥጋውም እንቁላሉም ወተቱም ቀረ፤ በካሮት፣ በጥቅል ጎመን፣ በፓፓያ፣ በተዘፈዘፈ ለውዝና በበቀለ ምስር መኖር ጀመርኩ። ደግሞም ተመችቶኝ ነበር። ቀበቶዬን በምስማር ሁለት ቦታ መብሳቴ፣ ደረጃውንም ሳላርፍ መውጣቴ እውነት ነው። ያልጠገበው ጉራዬ ነበር። ጥሬው አነሰ ብዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ጨመርኩበት፤ የሥራ ባልደረቦቼ ምሳ ሲበሉ እጄን አጣጥፌ እያየኋቸው የምኮራ ሰው ሆንኩ። ያንን ኩራት ነው ፖስታ ውስጥ ከትቼ የላኩልሽ።

አሁን የዘለልኩትን መስመር ልጻፈው። ከማተሚያ ቤቱ ወደ ቤቴ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ አንድ ዳቦ ቤት አለ። አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እግሬ ይዞኝ ገባ። ባለ ዳቦ ቤቷ ስንት ልስጥህ ስትለኝ፣ ስድስት፣ እንግዳ መጥቶብኝ ነው አልኳት። እንግዳው እኔው ነበርኩ። ወደ ሥራ ቦታ ተመልሼ ወረቀት መጋዘን ገባሁና በክምሮቹ መሀል ቆሜ ስድስቱንም ጨረስኳቸው። ሦስተኛው ላይ ጣዕሙ ጠፍቶብኝ ነበር፤ እጄ ግን አልቆም አለ። ይህንን ለአንቺ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። በማግስቱ ለመካስ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጾምኩ፤ ከዚያ ተመልሼ እዚያው ዳቦ ቤት። በመጨረሻ ሴትየዋ፣ እነዚህ እንግዶችህ አይሄዱም እንዴ ብላ እስክትጠይቀኝ ደረስኩ። ከደብዳቤዎቼ አንዱን የጻፍኩልሽ ፍርፋሪ ከሸሚዜ ላይ እያራገፍኩ ነው። ምሳዬ ካሮትና ለውዝ ብቻ ነበር ይላል። ምሳዬስ እውነትም እሱ ብቻ ነበር።

በዚህ መሀል የአንድ ሠርግ ጥሪ ካርድ መጣ። እኛ ዘንድ እርማት የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የታተመውን በዓይኑ ይከተላል። የእኔ አንባቢ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ነጥብ ሳያስቀሩ ስለሚያነቡ፣ ዓረፍተ ነገር ባለቀ ቁጥርም አራት ነጥብ! ብለው ጠረጴዛውን ስለሚመቱት ስማቸው አራት ነጥብ ሆኖ ቀርቷል። ያን ዕለት ስምንት ሰዓት ላይ፣ እኔ ከትናንት ጀምሮ እህል ባልቀመስኩበት፣ በዕለቱ ተገኝተው የደስታችን ተካፋይ እንዲሆኑልን ብለው አነበቡ። እኔ ፊት ያለው ወረቀት «የድስታችን ተካፋይ» ይላል። አንዲት ደ፣ ድ ሆናለች። አየኋት እኮ! አይቼ፣ ልክ ነው ብዬ አሳለፍኳት። ስምንት ወር ድስት ያልነካ ሰው ድስት የሚል ቃል ሲያይ ምኑን ይጠራጠራል? አራት መቶ ካርድ ታተመ።

የሙሽራዋ አባት ካርዱን ይዘው መጡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ቀይ እስክሪብቶ ከኪሳቸው አይለይም። «ድ»ን በቀይ ከበው፣ ውሸት እንኳ አልጻፋችሁም፣ ከድስቱም መካፈሉ አይቀርም ነበር፤ ግን አራት መቶ ሰው ማንኪያ ማንኪያውን ይዞ ቢመጣብኝ ምን ይውጠኛል አሉ። ማሽን ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ካርዱን እንደገና አተምን፤ ባለ ማሽኑ ከዚያ ቀን ወዲህ ድስቴ እያለ ነው የሚጠራኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ደንግጧል። በአሥራ ስድስት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ስህተት እያየሁ አሳልፌ አላውቅም።

አራት ነጥብ አልሳቁም። መጋዘን ጠሩኝና፣ እዚህ ፍርፋሪ ባየሁ ቁጥር አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ ሳጠምድ ነው የከረምኩት፣ አይጡ አንተ ነህ እንዴ አሉኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት ነገር እኔኑ ፈጅቶኝ ኖሮ፣ እዚያው ወረቀት ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። አልገሠጹኝም። ነገ ጠዋት አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፣ አራት ነጥብ አሉኝ።

ሐኪሟ እስክጨርስ ሰማችኝ። ይህ ስንፍናም ሆዳምነትም አይደለም አለች። ቀኑን ሙሉ የተራበ፣ ሲበላም በቅጡ የማይጠግብ ሰውነት በመጨረሻ ያገኘውን ይቀማል፤ ጾሙ ነው ዳቦ ቤት የሚወስድህ፣ ለመካስ ብለህ በማግስቱ የምትጾመው ደግሞ መልሶ እዚያው ያደርስሃል አለችኝ። እንዲህ ተደብቆ መብላት ብዙ ሰው የሚታከምለት ሕመም መሆኑን ነግራኝ በየሁለት ሳምንቱ የሚያነጋግረኝ ባለሙያ ዘንድ ላከችኝ። ደሜም ሲመረመር ከአትክልት የማይገኝ አንድ ቫይታሚን አንሶኝ ተገኘ፤ መርፌ ታዘዘልኝ። ጥሬውን ከወደድከው ብላ፣ ብቻውን ግን አይሁን አለች። ጾሙን አስተወችኝ።

ይኸው ሦስት ወር ሞላኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሳልበላ ከቤት አልወጣም። ምሳዬ ዛሬም ጥሬ ነው፤ ካሮቴን እንደ በቅሎ ስቆረጥም ባለ ማሽኑ የሚለውን ይበል፣ እወደዋለሁ። ማታ ማታ ድስቴን እጥዳለሁ። ከቁም ሣጥን ላይ ሳወርደው ውስጡ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የቀበቶዬን ምስማር! አሁን ምስር፣ ሽምብራ፣ ድንች ይንተከተክበታል፤ ክዳኑ ሲንቀጫቀጭ ቤት ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኛል። ፍላጎቱ ጠፋ አልልሽም፤ በዚህ ሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አሸንፎኛል። ልዩነቱ በማግስቱ ጠዋት ቁርሴን መብላቴ ነው። ዳቦ ቤቷንም አልሸሻትም። ገብቼ አንድ ዳቦ እገዛለሁ፣ ወንበር ስቤ ቁጭ እላለሁ፣ ጣዕሙን እያወቅሁ እበላለሁ። ሴትየዋ እንግዶችህስ ስትለኝ፣ ሄዱ፣ ባለቤቱ ቀርቷል አልኳት። ትንሽ ወፍሬ ቀበቶዬ ከበሳኋቸው ሁለት ቀዳዳዎች አንዱን ለቋል፣ አላዘንኩም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ሳትበዪ ስፌት መኪናው ላይ እንዳትቀመጪ። ይህን ልመና አታድርጊው፣ ትእዛዝ ነው፤ በሕይወቴ አንቺን ሳዝ የመጀመሪያዬ ነውና ደስ እያለኝ ነው። ዓይንሽ ጭልም ማለቱንና ጣትሽን ለሐኪም አሳዪ፤ ብስኩቱንም አትደብቂ፣ ለእኔ የጻፍሽውን ለሐኪሙም ንገሪ። ከፈቀድሽ ይህን ደብዳቤ ልጅሽ ጮክ ብላ ታንብብልሽ፣ አንቺ በዓይንሽ ተከተያት። እኛ ማተሚያ ቤት ለሁለት የምናርመው ወደን አይደለም፤ ሰው የራሱን ግድፈት ብቻውን ስለማያየው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሰሞኑን ድስቱ ፊት ቆሜ ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ፣ እማዬ ሥራ ውላ እስክትመጣ፣ የድስቱን ጥግ ሁሉ ፍቀሽ ለእኔ ታወጪና፣ አንቺስ ስልሽ፣ ስሠራ ቀምሼ ጠግቤያለሁ ትይኝ ነበር። አምንሽ ነበር። አንቺ እንዲያ ስትይ የዛሬዋን ልጅሽን እንኳ አታክዪም ነበር። ተርቤያለሁ ማለት የሚያሳፍር የመሰለኝ ከዚያ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ወቀሳ አይደለም፤ በአንቺ ረሃብ ነው ያደግሁት፣ ይህን ደግሞ ከዚህ በፊት ጽፌልሽ አላውቅም።

እማዬን ጉልበቷን ስሚልኝ፤ ምስሩ ሲበስል ጨው አትርሳ ያለችኝን አልረሳሁም በያት። ባለቤትሽን እንደምን ከርመሃል በዪልኝ፤ መኪናውን ሲያቆም የሚበላበትን ቦታ ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነውና በዚህ ጉዳይ አማካሪ አድርጊው። ልጅሽን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ፤ አሁን የምታነብልሽ እሷ ከሆነች ደግሞ እዚህ ጋ ቆም ትበልና እሷው ትሳምሽ።

እርማት ሳልጨምር አልፈርምም፣ የሙያ ነገር ነው። በቀድሞ ደብዳቤዎቼ «ጾሜን ቻልኩ» ያልኩት «አልቻልኩም፣ ደበቅሁሽ» ተብሎ ይነበብ። በልጅነቴ «ስሠራ ቀምሼ ጠግቤያለሁ» ያልሽኝ «አልበላሁም» ተብሎ ይነበብ። ክረምት ላይ እረፍት ወጥቼ ስመጣ ደግሞ ድስቱን ጥደሽ ጠብቂኝ፤ መጀመሪያ አንቺ ትበያለሽ፣ እኔ ቁጭ ብዬ አይሻለሁ። ያን ቀን «ደስታችን» የሚለው «ድስታችን» ተብሎ ቢነበብ ግድፈት አይደለም።

አክባሪሽና ወዳጅሽ፣
ታናሽ ወንድምሽ አራሚው

ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ምስሩ ምድጃው ላይ ሳለ
እሑድ፣ መጋቢት 14 ቀን