ግባ ካላሉት

ሰኔ 14 ቀን፣ ቅዳሜ። ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። በጸሎት ቤቱ ግቢ የተገኙት፦ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛው የወህኒ ዘበኛ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ እሱ እና እኔ።

ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ። ለማኅበሩ በየሳምንቱ ሪፖርት ስጽፍ እጄ እንዲህ መጀመር ለምዶበት ነው። ደብዳቤ የሚጀመረው በሰላምታ እንጂ በካፊያ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዴት ነሽ? ጨጓራሽ ተሻለሽ? ትንሿስ፣ ጥርሷ በቀለ? በላክሽልኝ ፎቶ ላይ የፊት ሁለቱ ወልቀው ስትስቅ የእናታችንን ሳቅ አየሁባት። እኔ ደህና ነኝ፣ እግሬ ከማበጡ በቀር። ሙሉ ቀን ቆሞ የሰው ልብስ መተኮስ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም ይሉኛል። የሚሆነውን ሥራ ግን የሚነግረኝ የለም።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ቶሎ፣ ኋላ ቀስ ብዬ። አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ እኔ ከጣልሻቸው ደብተሮችና ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ለቃቅሜ የተማርኩት ንባብ እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው፤ ሁለተኛውን ዙር ይፈልጋል። ልጅቷ በትምህርት ቤት "አባትሽ በመኪና ሰው ገድሎ ነው የታሰረው" ተብላ ማልቀሷን፣ ልታየው እንደማትፈልግ፣ እሱ ወደ እናንተ እንዳይመጣ እኔ እንድከለክለው ጽፈሻል። "አንቺ ታውቂበታለሽ፣ ሥራሽም ይኸው ነው" ብለሽኛል።

ሥራዬ ይኸው መሆኑን እንጃ። ማኅበራችን ከወህኒ ለሚወጣ ሰው አብሮ ሂያጅ ይመድባል። ደሞዝ የለውም፣ ስብሰባ ግን አለው። ሰው ምክር የምንሰጥ ይመስለዋል፤ እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠብቅ ነን። በወህኒው በር እንጠብቃለን፣ የመታወቂያ መስኮቱ እስኪከፈት እንጠብቃለን፣ ነገ ና ያለ አሠሪ እስኪመጣ እንጠብቃለን። ካቻምና የያዝኳት ሴት ተመልሳ ገባች። ሌላዋ መንገድ ላይ ስታየኝ ማዶ ትሻገራለች። ዘንድሮ ደክሞኝ ልተወው ወስኜ ሳለ በስብሰባ ላይ የእሱ ስም ተነበበ። እጁን ያነሣ ሰው የለም። ዘመድ ለዘመድ አይመደብም የሚል ደንብ አለን፤ ሰብሳቢው ቀና ብሎ ሲያየኝ ዝምድናው በእህቴ ፍቺ አልቋል አልኩት።

ወድጄው አልነበረም። አንቺን ከነአራስነትሽ ሜዳ ላይ የጣለ ሰው ነው ብዬ ስንት ዓመት ቂም ይዤበታለሁ። ግን አባታችን ሲሞት ሳጥኑን የሠራው እሱ ነበር። ዋጋም አልጠየቀ።

ሲወጣ የተያዘበትን ልብስ መልሰው አልብሰውት ነበር። ሸሚዙን ወስጄ አጠብኩለት። ከሁሉም እድፍ አልለቅ ያለኝ ግራ ትከሻው ላይ ያለው ነው፤ ሕፃን ያስመለሰው የቆየ ወተት። እንዲህ ያለ እድፍ ከከረመ የትኛውም ሳሙና አይችለውም። ከነእድፉ ተኩሼ ሰጠሁት። እኔ ቤት ሲመጣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼለት ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ምነው ስለው ግባ አላልሽኝም አለ። እዚያ ውስጥ እንዲህ ያደርጋቸዋል፣ ሁሉም እንዲህ ናቸው። ጡረተኛው ዘበኛ ሲሰማ፣ "እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ ጎበዝ ተማሪ ነው" ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ተወው።

አሁን የጸሎት ቤቱን አግዳሚ ወንበሮች ይጠግናል፣ በመሣሪያ ክፍሉ ያድራል። ሐሙስ ዕለት መልእክትሽን ነገርኩት። የወንበር እግር እየላገ ነበር። መላጊያውን አላቆመም። ልክ ናት አለ። ትንሽ ቆይቶ ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሰች ጠየቀኝ። ሁለተኛ አልኩት።

እንግዲህ ዛሬ የሆነው ይህ ነው። የማኅበሩ ፒካፕ ወንበር እንደ ተጫነበት የግቢውን በር ዘግቶ ቆሟል፣ ወንበሩ ደግሞ እየረጠበ ነው። ሾፌሩ የለም። ሰብሳቢያችንን ታውቂዋለሽ፣ ጥሩምባ የምንለው፤ ሲያንሾካሹክም ጎረቤት ይሰማል። ቁልፉን አውጥቶ ለእሱ ሰጠው። "ወንድሜ፣ ከጣራው ሥር አስጠጋልን። ፍርሃትን ፊት ለፊት ነው" አለው። ይህን ያስበበት ይመስለኛል። ሰው የወደቀበትን ነገር ደግሞ ይዞ ቢነሣ ይድናል ብሎ ያምናል፣ መጽሐፍ ላይ አንብቦ።

እሱ ቁልፉን ተቀብሎ ገባ፤ ግባ ብለውታላ። እኔም ዝናቡን ሸሽቼ በማዶ በኩል ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መሪውን ያያል። ላብ አጠመቀው። ዘበኛው በመስኮት አንገቱን አስግጎ፣ "ስንት የብረት በር አልፈህ የፒካፕ በር ያስፈራሃል?" አለው። ልብስ ሰፊዋ ተው አታሹፍበት፣ የዚያች የሟቿ አሮጊት ፊት እየመጣበት ነው አለችና ማልቀስ ጀመረች። ሰብሳቢው መዳፉን ሞተሩ ክዳን ላይ አሳርፎ ጸሎት ከፈተ። ሦስቱም በካፊያ ቆመው፣ መኪናዋን ከበው፣ የፍርሃት መንፈስ ይውጣ ይላሉ።

እሱ ወደ እኔ ጠጋ አለ። ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ፣

"እትዬ፣ ፍሬኑ የቱ ነው?" አለኝ።

እኔ ምን አውቄ። አባባ በጭነት መኪናው ሜዳ ለሜዳ መሪ ሲያስይዝ ደፋሯ አንቺ ነበርሽ፤ እኔ ከኋላ ጆንያ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እግዚኦ ስል ነው የኖርኩት። አላውቅም አልኩት። ቁልፉን የሬዲዮው ካሴት መክተቻ ውስጥ ሊሰካ ሞከረ። ቀስ ብዬ ከእጁ ወሰድኩት። አሜን ሲሉ ጠብቄ በሩን ከፈትኩና ዛሬ ይቅርበት አልኳቸው። መኪናዋን ገፍተን አስጠጋናት።

ሌሎቹ ወንበር ሲያወርዱ ከጣራው ሥር ቆመን ነበር። ምንም አልጠየቅኩትም። ደንባችን ነው፤ ምን አደረግህ ብሎ መጠየቅ የለም። ዓይኔ ግን ትከሻው ላይ ሄዶ ቀረ። ያንን ሸሚዝ ነበር የለበሰው። እሱም አየኝ፣ እጁን አምጥቶ እድፉን ሸፈነው።

"ያኔ እኮ ትጠባ ነበር፣ እትዬ" አለኝ። "እኔ ምን ላጠባት?"

ይኸው ነው ያለው። ቀጥሎ ስለ ወንበሮቹ ማጣበቂያ አወራኝ።

እህቴ፣ ያን ጊዜ እንዴት እንደ ነገርሽኝ ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ልጅቷ አተኩሷት የጎረቤት መኪና ተውሳችሁ ወደ ሐኪም ስትከንፉ፣ ዝናብ፣ አሮጊቷ ድንገት ስትሻገር። እሱ መሪ ይዞ፣ አንቺ ሕፃኗን ታቅፈሽ። ቅጣቱም የከበደው መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው ነዳ ተብሎ ነው። አንቺንም አልጠይቅሽም። ከሁለተኛ ወሩ ጀምሮ ልትጠይቂው መሄድ ያቆምሽው ለምን እንደሆነ ግን በሌላ መንገድ ነበር የተረዳሁት። እንቅልፍ አልወስድ ይለኛል ስትዪኝም፣ ጨጓራሽ ነው ብዬ መድኃኒት እልክልሽ ነበር።

ለማኅበሩ ሪፖርት "መኪናውን ለማንቀሳቀስ ፈራ" ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ነው፤ ለእሱ ብዬ ነው፣ ላንቺም ብዬ። ለልጅቷ ግን አልዋሽም። እሱ ምንም አይነግራትም። የሚነግራት ካለ አንድ ሰው ነው።

ዛሬ እሑድ ነው። ይህን ቀሪውን የምጽፈው አውቶቡስ ተራ፣ አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው።

ጠዋት ተነሣሁ። ውሃ ጣድኩ፣ እግሬን በጨው ዘፈዘፍኩ። ሁለት ዳቦ በጨርቅ ጠቀለልኩ። ካፖርቴን ደርቤ ወደ ግቢው ሄድኩ። ወንበሮቹን ለጸሎት እየደረደረ አገኘሁት። ለእህቴ በእጅ የሚደርስ ደብዳቤ አለኝ፣ በፖስታ አላምነውም፣ አንተ ታደርስልኛለህ አልኩት። ልጅቷስ አለኝ። ደብዳቤ አድርስ ነው ያልኩህ፣ ተመለስ ከተባልክ ትመለሳለህ አልኩት። "ፈቃድ አለኝ?" አለ። አለህ አልኩት። ለሰብሳቢው ዛሬ ጸሎት ላይ አንገኝም ብዬ ነገርኩት፤ ለምን ሲለኝ መንገድ አለብን ብቻ አልኩ። ሸሚዙን አስወልቄ ዘበኛው ያወሰውን አለበስኩት። ከዚያ ሐሳቤን ቀየርኩና የራሱን መልሼ አስለበስኩት። ቲኬቱን ቆረጥኩለት። አሁን ውሃ ልግዛ ወይ ብሎ አስፈቅዶኝ ሄዷል። ሲመለስ ይህን አጥፌ፣ ፖስታውን በሙጫ አሽጌ እሰጠዋለሁ። ምን እንደተጻፈበት አያውቅም፣ አይከፍተውምም።

አምላክ ለአንደበትሽ ጉልበት ይስጠው። ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ ጥርሷን በደህና ያብቅልላት። የሚመጣው ምንም ቢሆን ብቻሽን አትሆኚም፤ መጠበቅ እንደሆነ ተክኜበታለሁ፣ በየትኛውም በር።

ይህን በሩን ዘግተሽ እያነበብሽ ከሆነ እሱ አልሄደም። ደጃፉ ላይ ቆሟል። ብትከፍቺለትም ግባ ካላሉት አይገባም።

እህትሽ